የጣና ዓሣ፣ የተመራማሪዎቹ ጽሑፍ እና ሳይቴሽኑ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ተቀምጦ ስለ ጣና የተጻፈ ነገር እያነበበ የሚውል ሰው ጠያቂ አያጣም። ማስተርስ የጀመሩ ልጆች ይጠይቃሉ። ከመራዊና ከዱርቤቴ የባዮሎጂ መምህራን ይደውላሉ። ወደብ ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ «እነዚያ ሲለኩ ሲመዝኑ የነበሩት ሰዎች መጨረሻ ላይ ምን ብለው ጻፉ?» ይሉኛል። ለየሰዉ ከምደጋግመው እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብያለሁ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር በፈረንጅ ውሰዷቸው።

ሳይቴሽን ምንድነው? በአጭሩ ንገረን።

አንድ ተመራማሪ ሲጽፍ «ይህን ያገኘው እከሌ ነው፣ በዚህ ዓመት» ብሎ የሌላውን ሥራ ይጠራል። ያ መጠራት ነው ሳይቴሽን የሚባለው። ጎግል ስኮላር፣ ስኮፐስ እና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ይህን እየለቀሙ ይቆጥራሉ። የሦስቱ ቁጥር ግን አይገጥምም። ስኮላር መመረቂያ ጽሑፉንም፣ የጉባኤ ወረቀቱንም፣ ሪፖርቱንም ስለሚያግበሰብስ ከፍ ይላል። ሌሎቹ ሁለቱ መርጠው የያዟቸውን ኅትመቶች ብቻ ስለሚያዩ ዝቅ ይላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህን ያህል ጊዜ ተጠቅሻለሁ» ሲላችሁ መጀመሪያ «የት ላይ?» በሉት።

ስለ ጣና ዓሣ ላነብ ነው። ከማን ልጀምር?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ትንሽ ልዘርዝር።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ ሐይቁ ድረስ መጥቶ ዓሣ ሰብስቦ ሄደ፤ በ1836 ለብዙዎቹ ሳይንሳዊ ስም አወጣላቸው። ከዚያ በ1937 የጣሊያን የጥናት ቡድን መጣ፤ ከእነሱ ሥራ ውስጥ ቢኒ በ1940 ያሳተመው የጣና ዓሦች ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ዝምታውን የሰበረው ከኔዘርላንድ ከቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን ነው። ሊዮ ናገልከርከ፣ ፈርዲናንድ ሲቢንግ እና ባልደረቦቻቸው በ1994 አንድ ጽሑፍ አወጡ። ርዕሱ በጥያቄ ምልክት ነበር የሚያልቀው፤ የጣና ባርበሶች የተረሱ የዝርያ መንጋ (ከአንድ ዘር ወጥተው እዚያው ሐይቁ ውስጥ የተለያዩ ዝርያዎች ማለት ነው) ናቸው ወይ የሚል። በ2000 ጥያቄውን ራሳቸው መለሱትና 15 ዝርያ አሉ ብለው አሳተሙ። እኛ በደፈናው ነጭ ዓሣ የምንለው ማለት ነው።

ምኑ ነው ይህን ያህል የሚያስገርመው? እነዚህ ዓሦች የካርፕ ቤተሰብ ናቸው። የካርፕ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ አፍ ይዞ ሌላ ዓሣ አሳዶ መብላት አስቸጋሪ ነው፤ ጣና ውስጥ ግን ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። ሐይቁን ደግሞ ከታችኛው ዓባይ የሚለየው ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው ፏፏቴ ነው። ከታች ዓሣ ሊወጣ አይችልም። የሐይቁን ወለል ጭቃ ቆፍረው ያጠኑ ሰዎች ደግሞ በ2007 እንዳሳተሙት ጣና በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ግድም ደርቆ ነበር። ተመልሶ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ ከጀመረ 15 ሺህ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። በዝግመተ ለውጥ ዓይን ይህ ትናንት ማለት ነው። ለዚህ ነው ጣና የዓለም ባዮሎጂስቶችን ዓይን የሳበው።

ወደ ንባቡ ስንመለስ፣ የዶክትሬት መመረቂያዎቹን አትዝለሏቸው። የናገልከርከ በ1997፣ የተስፋዬ ውድነህ በ1998 በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ የዓሣ ሀብት ላይ፣ የእሸቴ ደጀን በ2003 በትናንሾቹ ባርበሶች ላይ፣ የማርቲን ደ ግራፍ እንዲሁ በ2003 በዓሣ በሎቹ ላይ። አራቱም ቫኽኒንገን የተሠሩ ናቸው፤ በነፃም ይገኛሉ። ጊዜ ካጠራችሁ ግን ፋይቨርበርግ፣ ሲቢንግ እና እሸቴ ደጀን በ2009 ስለ ዓባይ ወንዝ በተዘጋጀ መጽሐፍ ውስጥ የጻፉት የጣና ምዕራፍ አለ፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ሥዕልና መለያ ለሚፈልግ ደግሞ አበበ ጌታሁን እና እሸቴ ደጀን በ2012 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተሙት የዓሣ መምሪያ አለላችሁ።

ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ትክክል ነው ማለት ነው?

አይደለም። በጭራሽ።

ምሳሌው እዚሁ ጣና ላይ አለ። ባኒስተር የሚባል እንግሊዛዊ በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን ትላልቅ ባርበሶች ከለሰና ያን ሁሉ የጣና ዓይነት አንድ ዝርያ ነው ብሎ ጠቀለለው። ከዚያ በኋላ ስለ ጣና ባርበስ የጻፈ ሰው ሁሉ ባኒስተርን ይጠቅሳል። ግማሹ «እሱ እንዳለው» ብሎ፣ ግማሹ «እሱ እንዳለው አይደለም» ብሎ። ቆጣሪው ሁለቱንም አንድ ብሎ ይመዘግባል። ስድብም ሙገሳም እኩል ነው።

ክርክሩ በ15ቱም አላበቃም። የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ የባዮሎጂ ጉዞ ተመራማሪዎች፣ ሚናና ባልደረቦቹ፣ በ1996 የራሳቸውን ልኬትና የዕድገት ጥናት ይዘው መጡ፤ ጥያቄው ቅርጹ የተለያየ ሁሉ የተለየ ዝርያ ነው ወይ የሚል ነው። ዘረመሉን ያዩት ደግሞ በእነዚህ ዓሦች መካከል ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ መሆኑን ደጋግመው ጽፈዋል። እርስ በርስ ከተለያዩ ገና አጭር ጊዜ ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው የሚሉ አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሆዱ ውስጥ የሚገኘው ምግብ፣ የሚኖርበት ጥልቀትና የሚራባበት ጊዜ እንዲህ ከተለያየ ስሙን ዝርያ በሉት ሌላ በሉት፣ ጥበቃው ግን ለየብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ቀነሰ የሚባለው እውነት ነው? ሁሉም ጽሑፍ ላይ አየዋለሁ።

ቁጥሩ ትክክለኛ ምንጭ አለው፤ የሚጠቀስበት መንገድ ነው ብዙ ጊዜ የሚያናድደኝ።

ምንጩ ደ ግራፍ፣ ማኽልስ፣ ተስፋዬ ውድነህ እና ሲቢንግ በ2004 ባዮሎጂካል ኮንሰርቬሽን ላይ ያወጡት ጽሑፍ ነው። ያሉት ይህ ነው፦ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት የጣና ባርበሶች በአሥር ዓመት ውስጥ በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር 80 በመቶ ቀነሱ። ከ5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ያሉት ጫጩቶች ደግሞ 90 በመቶ። አሥር ዓመት የተባለው ከ1991 እስከ 2001 ያለው ነው። ናሙናውም የተወሰደው በደቡቡ፣ በእኛ በኩል ነው።

አሁን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎችን ክፈቱ። «በቅርብ ዓመታት የጣና ዓሣ በ75 በመቶ ቀንሷል» የሚል ታገኛላችሁ፤ ጎኑ ላይ 2004 ተብሎ። ከዚያ ሌላው እሱን ይጠቅሳል። ሦስተኛው ሁለተኛውን። «ወደ ወንዝ የሚወጡት» የምትለዋ መጀመሪያ ትወድቃለች፣ ቀጥሎ ዓመቱ፣ በመጨረሻ ቀረሶውም አምባዛውም አብሮ የቀነሰ ይመስላል። አንድም ሰው አልዋሸም። ሁሉም ግን ከላይ ያለውን ሰው አምኖ ዋናውን ሳይከፍት አለፈ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የጽሑፉ ዋና ፍሬ ምክንያቱ ላይ መሆኑ ነው፤ እሱን የሚጠቅስ ግን ያንሳል። ሁለት ነገር ነው ያሉት። አንዱ በ1986 ከሞተር ጀልባና ከናይለን መረብ ጋር የመጣው የገበያ ዓሣ ማጥመድ ነው። ዓሦቹ ክረምት ላይ ለመራባት የወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረቡ እዚያው ይጠብቃቸዋል። ሁለተኛው ብርብራ ነው። አዎ፣ ብርብራ። ዘጌ ላይ ቡናውን የሚያጠላው ዛፍ። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው መተንፈስ ያቅተዋል፤ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ልጆች በእጃቸው ይለቅሙታል። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮተኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው ይህን የሚያደርገው። እንቁላሏን ልትጥል የወጣችውን እናት ወንዙ ውስጥ በብርብራ መጨረስ ማለት የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ዛሬ መብላት ነው። ይህን ለገበሬው በአማርኛ የነገረው ሰው ስንት ነው? ሳይቴሽን ይህን አይቆጥርም።

አንድ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ሌሎች የት እንዳደረሱት እንዴት ልከታተል?

ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ሥር «ሳይትድ ባይ» የሚል አለ። ተጫኑት። ከዚያ ከላይ «በጠቀሱት ውስጥ ፈልግ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉና የምትፈልጉትን ቃል ጻፉ፤ ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይ፣ የፈለጋችሁትን። ብዙ ሰው ይህችን ሳጥን አያውቃትም። ገጽ በገጽ ሲገለብጥ ያመሻል።

ምን ያህል እንደምትጠቅም በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። እነ ደ ግራፍ ጉማራ ወንዝ ላይ ሲጠብቁ ከ15ቱ ዝርያዎች ሰባቱ ለመራባት ሲወጡ አገኙ። ስምንቱስ? በ2005 ምናልባት ሐይቁ ውስጥ ይራቡ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ያን ጽሑፍ የጠቀሱትን ስትከታተሉ ዋሴ አንተነህና ባልደረቦቹ በሰሜን በኩል መገጭና ድርማ ወንዞች ላይ ሄደው የፈተሹትን ታገኛላችሁ። ማለትም «ስምንቱ የት ገቡ?» የሚለው ጥያቄ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ሲሻገር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ለኔ የሳይቴሽን ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ቁጥሩ አይደለም።

ኤች ኢንዴክስ ምንድነው? ስንት ከሆነ ነው ጥሩ?

ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው በ2005 ያመጣው መለኪያ ነው። አምስት ጽሑፍ ኖሯችሁ እያንዳንዱ ቢያንስ አምስት ጊዜ ከተጠቀሰ ኤች ኢንዴክሳችሁ 5 ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፋችሁ 300 ጊዜ ቢጠቀስላችሁ 1 ነው።

«ስንት ከሆነ ጥሩ» ለሚለው መልስ የለኝም፤ ያለው ካለም አትመኑት። የሐይቅ ሥነ ምህዳር ከሕክምና ጋር አይወዳደርም፤ በዓለም ላይ ስለ ወባ የሚጽፈውና ስለ ጣና ተንሳፋፊ አልጌ የሚጽፈው ሰው ብዛት የትና የት። ዕድሜም አለበት። ቁጥሩ ይወጣል እንጂ አይወርድም፤ ስለዚህ ትናንት የተመረቀችውን ልጅ ከሽማግሌው ፕሮፌሰር ጋር በዚህ መመዘን ግፍ ነው። የመስክ ሥራ ደግሞ ጊዜ ይበላል። አንዱን ዓሣ ለማወቅ ክረምቱንም በጋውንም መጠበቅ አለባችሁ፤ ጭቃው ጉልበት ድረስ ሲደርስም ወንዝ ዳር መገኘት አለባችሁ። ቢሮ ቁጭ ብሎ የሳተላይት ምስል የሚተነትነው በዚያ ጊዜ ሦስት ወረቀት ያወጣል። አልነቅፈውም፤ ግን አንድ አይደሉም።

የአንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪን ስም ስፈልግ ሥራው የሚበታተነው ለምንድነው?

የአባት ስም ጉዳይ ነው። የውጭ ጆርናል የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ እሸቴ ደጀን በውጭ ጽሑፍ ውስጥ «ደጀን» ሆኖ ይጠቀሳል፣ አያሌው ወንዴ «ወንዴ» ይሆናል። ማለትም የተጠቀሱት አባቶቻቸው ናቸው። አገር ውስጥ የሚታተም ጽሑፍ ደግሞ በራሳቸው ስም ሙሉውን ይጽፋል። ቆጣሪው ሁለት ሰው ይመስለዋል።

በዚህ ላይ የላቲን ፊደሉ አለ። አንዱን ስም በአንድ ኢ ይጽፉታል፣ በሌላ ጊዜ በሁለት፤ ተስፋዬ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ራሱ ተስፋዬ ያውቃል። የሚጽፉ ወጣቶች ካላችሁ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ያዙና አትቀይሩ። ኦርኪድ የሚባለውን ነፃ የተመራማሪ መለያ ቁጥርም አውጡ። አንባቢዎች ደግሞ በሁለቱም ስም ፈልጉ።

የዓሣውስ ስም? ፈልጌ ግማሹን ነው የማገኘው።

የድሮዎቹ ጽሑፎች ባርበስ ይላሉ፣ የኋላዎቹ ላቤኦባርበስ። ያው ዓሣ ነው፤ የዘር ስሙ ተቀየረ። ትናንሾቹ ደግሞ ከባርበስ ወደ ኤንተሮሚየስ ተዛውረዋል። በ2000 የተሰየመው የጣናው ታናፔላጊየስ በሁለቱም ስም ይመጣል። ሁለቱንም ካልጻፋችሁ የ1990ዎቹ ሥራ በሙሉ ያመልጣችኋል።

ዓመተ ምሕረቱንም ልብ በሉ። የቢሮ ሪፖርቶችና ሕጎች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የዓሣ ሀብት አዋጁ ቁጥር 315/1995 ነው፤ በፈረንጅ 2003። ሰው ሳያስተውል 1995 ብሎ በእንግሊዝኛ ጽሑፉ ውስጥ ሲያስገባው ሕጉ ሳይወጣ ስምንት ዓመት ቀድሞ ወጣ ማለት ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያውም ታትሞ።

ጽሑፉን ልከፍት ስል በዶላር ክፈል ይለኛል። ምን ላድርግ?

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለዚህ ነው። ጣና ዳር ቆመህ ስለ ጣና ለማንበብ 30 እና 40 ዶላር ትጠየቃለህ።

ግን መውጫ አለው። አንደኛ፣ ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ተቋማት በነፃ ከሚገቡት መካከል ናቸው። የይለፍ ቃሉ የዩኒቨርሲቲያችሁ ቤተ መጻሕፍት ጋ ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የማያውቅ ሠራተኛ ከገጠማችሁ ሌላውን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ሥር «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን ተጫኑ፤ ደራሲው ራሱ የሆነ ቦታ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ከላይ እንዳልኩት የዶክትሬት መመረቂያዎቹ ክፍት ናቸው፤ ጆርናል ላይ የወጣው አብዛኛው ነገር እነሱ ውስጥ ምዕራፍ ሆኖ ተቀምጧል፤ ሰንጠረዡም ሙሉ ነው። አራተኛ፣ ለደራሲው ኢሜይል ጻፉ። አጭርና ትሑት ይሁን። አብዛኛዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ፤ ማን አንባቢ ይጠላል?

እምቦጭ ላይ ለምን ይህን ያህል ተጻፈ? ውሃው ራሱ ላይ የተጻፈ የለም ወይ?

እምቦጭ በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ገንዘቡም ጆሮውም ወደዚያ ሄደ። ከሳተላይት ላይ ይታያል፣ ካርታ ይሠራለታል፣ ፎቶው ያስደነግጣል። ሌላው ዓለምም ይህ አረም ስላለበት ከህንድም ከናይጄሪያም የሚጠቅሳችሁ አታጡም። ሳይቴሽን የሚሰበሰበው የብዙ አገር ችግር በሆነ ነገር ላይ ነው።

ውሃው ላይ ግን ጥሩ ሥራ አለ። አያሌው ወንዴ፣ ሥዩም መንግሥቱ፣ ፋይቨርበርግ እና እሸቴ ደጀን በ2007 አኳቲክ ኢኮሎጂ ላይ ያወጡት ጽሑፍ ሐይቁ በየወቅቱ ምን ያህል ምግብ እንደሚያመርት ይለካል። ምግብ ስል አልጌውን ነው፤ ዓሣው ሁሉ በስተመጨረሻ የሚኖረው በእሱ ነው። ጣና ጥልቀቱ በጣም ቢበዛ 14 ሜትር ነው፤ ነፋሱ እስከ ታች ይበጠብጠዋል። ጎርፉ ደግሞ አፈር ይዞ ይገባል። ስለዚህ ብርሃን አይወርድም፤ አልጌውም እንደ ልቡ አያድግም። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ጠራ ሲል፣ ጎርፉ ያመጣው ማዳበሪያም ገና ሳያልቅ፣ ያኔ ነው ምርቱ ጫፍ የሚደርሰው።

ይህን የሚለኩበት መሣሪያ ያስቀኛችኋል። ሴኪ ዲስክ ይባላል፤ አንጀሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስ በ1865 የሞከረው ነው። ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሰሌዳ በምልክት ገመድ ታስሮ ከጀልባው ጥላ በኩል ይወርዳል። ሲጠፋ ገመዱን ያያሉ፣ ሲመለስ ሲታይ ደግሞ ያያሉ፣ አማካዩን ይጽፋሉ። በቃ። ነሐሴ ላይ ግልገል ዓባይ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት በኩል ብትሞክሩት ሰሌዳው እጃችሁ ሳይርቅ ይጠፋል። ያ የጠፋበት ቡናማ ውሃ የሰከላና የሜጫ ማሳ አፈር ነው።

ከጣና ውጭ ጎጃም ውስጥ የተጠና ንጹህ ውሃ የለም?

አለ፤ ግን ትንሽ ነው። ዘንገናና ጥርባን የመሰሉ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች አሉን። ከጮቄ የሚወርዱ ጅረቶች አሉን። ወንዝ ላይ የሚሠሩ ተማሪዎች ድንጋይ ገልብጠው የነፍሳት እጮችን ነጭ ትሪ ላይ በወረንጦ ይለቅማሉ፤ ሦስት ክር ጭራ ያላት የሜይፍላይ እጭ በብዛት ከተገኘች ውሃው ደህና ነው፣ ቀይ ትልና አልቅት ብቻ ከሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ውጤቱ ጥሩ። አብዛኛው ግን የማስተርስ ወረቀት ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ማንም አይጠቅሰውም፤ ስለማይገኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት አንድ ጅረት ውስጥ ምን ይኖር እንደነበር የሚናገር ብቸኛ ሰነድ ሊሆን ይችላል እኮ። አማካሪዎች፣ እባካችሁ የተማሪዎቻችሁን ፋይል ኔት ላይ ጫኑ።

ጋሼ፣ ዓሣ አጥማጁ ራሱስ የት ነው የሚጠቀሰው?

ወይጦ በደንገል ታንኳ ሐይቁ ላይ ሲኖር ስንት ዘመን ሆነው። ዓሣው መቼ የት እንደሚሰበሰብ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጽሑፎቹ መጨረሻ ላይ «ዓሣ አጥማጆችን እናመሰግናለን» የሚል መስመር ታያላችሁ፤ አንዳንዴ በስም፣ ብዙ ጊዜ ያለ ስም። ምስጋና ሳይቴሽን አይደለም። ቢያንስ መረጃው ከማን እንደተገኘ ዘዴው ክፍል ውስጥ በግልጽ ይጻፍ፤ ፈቃደኛ የሆነው ሰውም በስሙ ይመስገን፤ ውጤቱም ወደብ ላይ በአማርኛ ይነገር። ይህ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው።

ቶሎ እናሳትምልህ የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ልክፈል?

ተው! ባላወቃችሁት ሰው «የተከበሩ ታላቅ ሊቅ» ተብላችሁ ከተጠራችሁ፣ በሳምንት ውስጥ እናትማለን ካሉ፣ ስለ ዓሣም ስለ ልብ ቀዶ ጥገናም እኩል የሚቀበሉ ከሆነ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ሽሹ። አዘጋጆቹ እነማን እንደሆኑ እዩ፣ ከዚህ በፊት ያወጡትን ሁለት ሦስት ጽሑፍ አንብቡ፣ የምታውቁት የጣና ተመራማሪ እዚያ ላይ ጽፎ እንደሆነ ፈልጉ። የአገር ውስጥ መጽሔት የሚያሳፍር የሚመስላችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሲኔት የሚባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ ጆርናል ከ1978 ጀምሮ አለ። እዚያ የወጣ የዓሣ ወረቀት ገንዘብ ተከፍሎበት የትም ከታተመው ይልቅ አንባቢ ያገኛል።